በመስኮት የተሰረዘው ሠፈር

ሥራ የሚያቀልል ዕቃ ቤቱ ያስገባ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ ዕረፍት የሚባል ነገር አያይም። ዕቃው ብቻውን ከሆነ እንኳ ደግ ነው። ጓደኛ ካገኘና «ሁለቱን ላገናኛቸው» የሚል ሰው ከመጣ ግን… ያ ቤት አለቀለት! አሁን ይኼን ስል «የኛ ቤትማ እንዲህ አይደለም» የምትሉ አትጠፉም። እናንተ ዕድለኞች ናችሁ፤ ወይም ገና አላገናኛችሁም።

እኔ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ዘመኑ የደርግ ነው፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ። ከተማው ናዝሬት። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ከባለቤቴ ከፀሐይ፣ ከእናቷ ከእማማ አስካለ፣ ከወንድሟ ከዳንኤልና ከታናሽ እህቷ ከአስቴር ጋር አንድ ግቢ እኖራለሁ። አስቴር ልታገባ ነው። የምታገባውም ሩቅ ሰው አይደለም፤ ከአጥራችን ማዶ ያሉት የኦቦ በዳሳ ልጅ ቶላ ነው። ሚዜዎቹ ሙሽራዋን ለመውሰድ የሚያስፈልጋቸው መኪና ሳይሆን መሰላል ነበር።

ችግሩ ድንኳኑ ላይ ነው። ድንኳኑ ሁለት መቶ ሰው ይይዛል። እማማ አስካለ በቃላቸው የጠሩት የሙሽራዋ ወገን ብቻውን መቶ ሰባ ደረሰ። ከአጥር ማዶ የሙሽራው ወገንም መቶ ሰማንያ አለ። ግን አስቡት… ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩት በአንድ የቆርቆሮ አጥር ነው! ጎረቤቱ አንድ፣ ዕድሩ አንድ፣ ወፍጮ ቤቱ አንድ። ስለዚህ አብዛኛው ሰው ሁለቱም ዝርዝር ላይ አለ ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ ሁለቴ የተጻፈውን አንዴ ሰርዞ፣ የቀረውን መጥራት ነው። ለማንኛውም ሰው ይህ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። እርሳስና ወረቀት ላለው ሰው ማለቴ ነው።

እኛ ግን ኮምፒውተር ነበረን። ያውም ሁለት!

የኛው ዳንኤል ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ አንድ ወፍራም ካፖርትና አንድ ኮምፒውተር። ለናዝሬት ሙቀት ሁለቱም እኩል ይጠቅሙ ነበር። የሙሽራው ወንድም ገመቹ ደግሞ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነው። ውሉን ጨርሶ አገሩ የገባ አንድ የምዕራብ ፈረንጅ ለማስታወሻ ብሎ የራሱን ኮምፒውተር ትቶለት ሄዷል። ያኔ ኮምፒውተር ስላችሁ የዛሬው እንዳይመስላችሁ። ቁልፍ የተደረደረበት አንድ ጠፍጣፋ ነገር ነው። ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል፤ የጻፋችሁበትን ለማስቀመጥ በካሴት ትቀዱታላችሁ። መብራት ከሄደ የያዘውን ሁሉ ይረሳል፣ ልክ እንደ ተማሪዎቼ የእረፍት ደወል ሲደወል።

«ወረቀት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው» አለ ዳንኤል፤ እማማ አስካለ ስም በጠሩ ቁጥር በቀጥታ ቴሌቪዥኑ ላይ ጻፈ። ገመቹም ከማዶ እንዲሁ አደረገ። አንድ ሳምንት ሙሉ! እማማ አስካለ በዚያ ሳምንት ያልነቀሱት ዘመድ፣ ያላስታወሱት ቂም የለም። «እሷን ጻፋት… ቆይ አትጻፋት… ጻፋት፣ ግን መጨረሻ ላይ አድርጋት!» እያሉ መቶ ሰባ ሰው ሞላ።

ከዚያ ሁለቱን ማገናኘት መጣ።

በመጀመሪያ ካሴት ተለዋወጡ። የዳንኤል ካሴት ገመቹ ማሽን ውስጥ ሲገባ ማሽኑ ምንም አላለም፤ የገመቹም እኛ ቤት ሲመጣ እንዲሁ። እኔ ለማጣራት ብዬ ካሴቱን በቴፕ ሬኮርደር ከፈትኩት። ሲንጫጫ እማማ አስካለ አማተቡ።

«ምንድነው የሚለው?»

«የተጠሪዎቹን ስም ነው እማማ።»

«እንዲህ ከተጠሩማ አይመጡም» አሉና ወጡ።

ቀጥሎ ሽቦ ነው። ሽቦው ከኛ ሳሎን መስኮት ወጥቶ፣ በአጥሩ ላይ ተሻግሮ፣ በነሱ ሳሎን መስኮት ገባ። ሦስት ቀን ሞከሩ። ከዚህ «ተስፋዬ» ብለው ሲልኩ ወዲያ የሚደርሰው አንድ መስመር ሙሉ የጥያቄ ምልክት ነው። ገመቹ ከወዲያ «በዳሳ» ብሎ ሲልክ እኛም ዘንድ ጥያቄ ምልክት። ሁለቱም ማሽኖች ላይ ያለው ነገር ሁሉ ጥያቄ ብቻ ሆነ። በዚህ መሀል ሁለቱም በየካሴታቸው ላይ የነበረውን ዝርዝር አጥፍተው ያንኑ የጥያቄ ምልክት ቀድተውበታል፤ «ለጥናት» ብለው! እንግዲህ ስሞቹ የቀሩት ማሽኖቹ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። መብራት እስካለ ድረስ።

«ኦፕሬቲንግ ሲስተማቸው የተለያየ ነው» አለ ዳንኤል፤ «የኔ በሥርዓት ነው የሚሠራው፤ የሱ እንደፈለገ ነው።»

«የኔ የታዘዘውን ይሠራል» አለ ገመቹ ከአጥሩ ማዶ፤ «የዚያኛው ግን ስብሰባ ካልተጠራ አይነቃም!»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሁለቱ ሰዎችም እንደ ማሽኖቻቸው ተዘጋጉ። ሠርጉ ሊደርስ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ዓቢይ ጾም ነው፤ ያ የሠርጉ እሑድ ካለፈ አስቴር እስከ ፋሲካ ቁጭ ማለቷ ነው። አስቴር ያን ሰሞን አታለቅስም፣ አትቆጣም፤ ወደ ሳሎን ብቅ ትልና ቴሌቪዥኑን አይታ ትመለሳለች። እኔን ያንን ማየት ከሁሉም በላይ አሳዘነኝ።

በአራተኛው ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሽቦውን አይተው መጡ። በዚያ ዘመን ከቤት ወደ ቤት የተዘረጋ ሽቦ ቀላል ነገር አልነበረም።

«ጓድ መምህር፣ ይህ ሽቦ ከየት ወዴት ነው?»

«ከምሥራቁ ወደ ምዕራቡ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

ተናግሬ ሳልጨርስ ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ።

«የትኛው ነው ትእዛዝ የሚሰጠው?»

«እስካሁን አልተስማሙም።»

ጓድ ሊቀመንበር ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ሽቦውን ጠቅልለው በብብታቸው ያዙ። «ጎረቤታሞች ናችሁ፤ የምትነጋገሩት ነገር ካለ ሕዝብ በሚሰማው መንገድ በአፋችሁ ተነጋገሩ» ብለውን ሄዱ።

እኛም እንዳሉት አደረግን። ችግራችን ሁሉ የመጣው የመንግሥትን ምክር በመቀበላችን ነው።

ዕቅዱ የኔ ነበር፤ አልክድም። ዳንኤልና ገመቹ አይነጋገሩም። ስለዚህ እኔ በኛ መስኮት ቆሜ የኛን ዝርዝር ከቴሌቪዥኑ ላይ አንድ በአንድ በድምፅ አነባለሁ። ገመቹ በነሱ መስኮት ሆኖ የሱን ያያል። የጠራሁት ሰው እነሱ ዘንድ ከሌለ «ይቆይ!» ይለኛል። እነሱም ዘንድ ካለ፣ ሁለቴ እንዳይቆጠር፣ «ይሰረዝ!» ይላል፤ ዳንኤል ከኛ በኩል ይሰርዘዋል። የኛ ሲያልቅ ገመቹ የነሱን በተራው ያነባል፣ ዳንኤል ካስቀረነው በታች ይጨምረዋል። ሙሉው ዝርዝር በአንድ ማሽን ላይ ይሆናል። ምን ጎደለው? እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ከዚህ የሚቀልል መላ አለ?

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያው የሚጀምረው ማታ ስለሆነ ሁለቱም ቴሌቪዥኖች ነፃ ናቸው። ሙቀቱ ጣሪያውን ያንቀጫቅጨዋል፤ ሠፈርተኛው በሙሉ በየበሩ፣ በየግራሩ ጥላ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል እስከ መጨረሻው ወንበር የሚሰማ ድምፅ አለኝ።

«አናጢው አቶ ተስፋዬ!» አልኩ።

«ይሰረዝ!» አለ ገመቹ። እሱም የፋብሪካ ሰው ነው፤ ከማሽን ጩኸት በላይ መናገር ለምዷል።

«ወይዘሮ በላይነሽ፣ ከነልጆቿ!»

«ከነልጆቿ ትሰረዝ!»

«አቶ ማንደፍሮ፣ ከቡልቡላ!»

«ይቆይ!»

እንግዲህ እዩት። ማንደፍሮን ከእማማ አስካለ በቀር በዓይኑ ያየው ሰው የለም፤ እሱ ይቆያል። በላይነሽ ግን ሁለቱም ቤት ያሳደጓት፣ ሁለቱም ቤት የሚወዷት ናት፤ ስለዚህ ትሰረዛለች። ሠፈሩ ውስጥ በጣም የተወደደ ሰው ሁሉ በከፍተኛ ድምፅ ይሰረዛል፤ ማንም የማያውቀው ሁሉ ይቆያል! ይህ ያኔ አልታየኝም። እኔ የታየኝ ሥራው መፍጠኑ ነው።

«ልብስ ሰፊው አቶ ከድር!»

«ይሰረዝ!»

«እትዬ ዘውዴ!»

«ይሰረዙ!»

«ጓድ ሊቀመንበር!»

«ይሰረዙ!»

አንድ ጊዜ ቀና ስል ሠፈሩ ጭጭ ብሏል። የሚጮህ ሕፃን የለም፤ የሚጮህ ውሻ የለም። ጋሪ ነጂው እንኳ ፈረሱን አቁሞ ያዳምጣል። የአነባበቤ ማማር መስሎኝ ድምፄን ጨመርኩ። ገመቹም በተራው የነሱን አነበበ፤ ዳንኤል ጻፈ። የመጨረሻው ስም ሲገባ ዳንኤል «ተገናኙ!» ብሎ ብድግ አለ። ወደ ካሴት ለመቅዳት ጣቱን ሲያነሣ… መብራት ሄደ።

በጨለመው ቴሌቪዥን ውስጥ ያየሁት የራሴን ፊት ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ፀሐይ ከውጭ ገባች። ባለቤቴ ስትቆጣ ትጮሃለች፤ ነገሩ ከቁጣ ሲያልፍ ግን በቀስታ ነው የምትናገረው። በቀስታ ተናገረች።

«ምን አድርገህ ነው ሰዉን?»

«ምን ሆነ?»

«አቶ ከድር የቶላን ሱፍ እንደያዙ የሁሩታ አውቶቡስ ተሳፈሩ።»

እውነቷን ነው። አትፍረዱባቸው። በዚያ ዘመን ስሙ ከዝርዝር ላይ ጮክ ተብሎ ተነብቦ፣ ከዚያ «ይሰረዝ!» ሲባል የሰማ ሰው ለሠርግ ነው ብሎ አያስብም። አቶ ከድር ሁሩታ ያለች እህታቸው ዘንድ ገቡ፤ ቶላ በማግስቱ ሄዶ ለምኖ ሲያመጣቸው «ስም ሲነበብ ቆሞ መስማት ማን አስተማረን?» አሉት ይባላል። ሱፉን ግን ሁሩታም ሆነው አልተዉትም፤ እጅጌውን ጨርሰዋል።

«እትዬ ዘውዴስ?» አልኩ።

ፀሐይ ወደ በሩ ጠቆመችኝ። ከኋላዋ እማማ አስካለ አንድ ቁና በርበሬ፣ አንድ ቅቤ ያለበት ቅልና አንድ ትልቅ ማማሰያ ይዘው ገቡ። እትዬ ዘውዴ ለሠርጉ የተረከቡትን ሁሉ መልሰው ልከዋል።

ይኼ ነው ጉዱ! እትዬ ዘውዴ ማለት ሠላሳ ዓመት የሠፈሩን ሠርግ ወጥ የሠሩ ሴት ናቸው። እሳቸው ያልነኩት ድግስ ድግስ አይባልም፤ እሳቸው ከቀሩ ሌላዋ ወጥ ሠሪ «ዘውዴ በተሰረዘችበት እኔ አልገባም» ትላለች። ጾሙ ደርሷል። ዝርዝሩ ጠፍቷል። ወጥ ሠሪዋ ተቀይመዋል። አስቴር ከበሩ ላይ ሆና ማማሰያውን አየችና ወደ ውስጥ ገባች።

ከመምሸቱ በፊት ደግሞ ጓድ ሊቀመንበር ብቅ አሉ።

«በሕዝብ ፊት እኔን የሰረዘኝ ማነው?»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የከፋ ነገር የለውም… ሁለት ቦታ ስለተገኙ ነው።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ግራና ቀኝ አዩ። «የት የት?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ማን ነው ያየን… ማለቴ፣ ያየኝ?»

ሳስረዳቸው አልጠበቁም። ሽቦውን ከብብታቸው አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡና ኮፍያቸውን ዝቅ አድርገው ወጡ። እስካሁን ድረስ ሁለተኛው ቦታ የት እንደነበረ አላውቅም፤ እሳቸውም ይህን ነገር ሁለተኛ አላነሡም።

እማማ አስካለ ግን የዋዛ አይደሉም። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው» አሉኝ። «አንተ በአፍህ አወጣኸው፤ አንተው በጫንቃህ መልሰው። ነገ ጠዋት ድንጋይ ተሸክመህ ዘውዴ ደጅ ትቆማለህ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ!»

«ለዚያ ነው ድንጋዩ ትልቅ የሚሆነው።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የስምጥ ሸለቆን ድንጋይ ከማንም በላይ አውቃለሁ። ከከተማው ወጣ ስትሉ ግራጫ፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ፣ ሲያዩት የበሬ ጭንቅላት የሚያህል፣ ሲያነሡት ግን እንደ ደረቅ ዳቦ የሚቀልል ድንጋይ አለ፤ ከድሮ እሳተ ገሞራ የተረፈ። ውሃ ላይ እንኳ ይንሳፈፋል። በጠዋት ሄጄ ትልቁን መረጥኩ። ጫንቃዬ ላይ አድርጌ፣ ወገቤን ጎብጬ፣ እያቃሰትኩ በዋናው መንገድ አለፍኩ። ያየኝ ሁሉ «ወይኔ መምህር!» እያለ ከንፈሩን መጠጠ። እኔም ላቤን ጠረግሁ፤ ላብ ባይኖርም።

እትዬ ዘውዴ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዝቅ ብዬ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይቅር ይበሉኝ።»

ተነሡ። ቀረቡኝ። ድንጋዩን በሁለት ጣታቸው አንሥተው አገላብጠው አዩት።

«አንተ መምህር» አሉኝ፣ «በዚህ ድንጋይ እኔ ተረከዜን ነው የምፈትግበት። ይቅርታህም የሚመዝነው ይሄንኑ ያህል ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከአጥራቸው ሥር ጥቁሩን፣ እውነተኛውን ድንጋይ አሳዩኝ። ተሸከምኩ። አንገቴ ትከሻዬ ውስጥ ገባ። እሳቸው ተመልሰው ዱካቸው ላይ ተቀመጡ።

«ሠላሳ ዓመት ጭስ የበላሁበት ሠፈር» አሉ፣ «በመስኮት ይሰርዘኝ? አስቴርን እኮ ገና በአራስ ቤት ያጠብኳት እኔ ነኝ። ማሎ! ሌላው ቢቀር ግቢ ገብታችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ያኔ ሳላስበው እውነተኛው ነገር ወጣ። «እትዬ፣ የተሰረዙት ሁለቱም ቤት ስለጻፈዎት ነው። ከአንዱ ብቻ የተጠራ ሰው አልተሰረዘም። እርስዎን ሁለቱም ቤት በአምስተኛው ስም ላይ ነው የጻፈዎት። ግን አሁን ምን ዋጋ አለው… መብራት ሄዶ ዝርዝሩ በሙሉ ጠፍቷል። ማንን እንደጠራን የሚያውቅ የለም። ሠርጉ ሳይቀር አይቀርም።»

እትዬ ዘውዴ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ድንጋዩ ግን ዝም አላለም፤ ወደ ታች ይገፋኛል።

«ጠፋ?» አሉ በመጨረሻ።

«ጠፋ።»

«አናጢው ተስፋዬ አይደለም የመጀመሪያው?»

ቀና ልል ሞከርኩ፤ ድንጋዩ ከለከለኝ። «ነው… መሰለኝ።»

«መሰለኝ የለም፣ ነው። ተስፋዬ፣ ይሰረዝ። በላይነሽ ከነልጆቿ፣ ትሰረዝ። ማንደፍሮ የሚባል የቡልቡላ ሰው፣ ይቆይ። ማነው እሱ ደግሞ? ከድር፣ ይሰረዝ…»

«እትዬ! ልጻፈው?»

«እንግዲያ ድንጋዩን አውርደው፤ በምንህ ልትጽፍ ነው?»

ወረወርኩት! ከኪሴ እርሳስ፣ ከቦርሳዬ የተማሪ ፈተና ወረቀት አወጣሁና ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። እትዬ ዘውዴ ዓይናቸውን ጨፍነው መቶ ሰባውንም፣ ከዚያ ገመቹ ያነበበውንም፣ አንድ ሳይረሱ፣ በተጠራበት ቅደም ተከተል፣ «ይቆይ» የተባለውን ከ«ይሰረዝ» ሳያምታቱ ነገሩኝ። አበው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ለካ እንዲያው ለተረት አይደለም። የምሥራቁም የምዕራቡም ማሽን መብራት ሲሄድ የረሳውን፣ አንዲት የተቀየሙ ሴት ያለ መብራት ይዘውት አደሩ።

ሲጨርሱ ወረቀቱን ከላይ ጀምሬ አነበብኩላቸው። ተስፋዬ፣ በላይነሽ፣ ማንደፍሮ፣ ከድር… አምስተኛው ላይ ሲደርሱ አልፈውት ስለነበር ቦታው ባዶ ነው። እንዳልረሱት አውቃለሁ፤ ጮክ ብለው መናገሩን ነው የተጸየፉት።

«እርስዎን እንዴት አድርጌ ልጻፍዎት እትዬ?» አልኩ።

ከተቀመጡበት ተነሡ፤ ነጠላቸውን አጣፉና «ያን ማማሰያ ቶሎ መልሱልኝ፤ ሽንኩርቱ ከዛሬ ካልተጀመረ አይደርስም» አሉኝ። ወደ ጓዳ ሊገቡ ሲሉ በሩ ላይ ዞር አሉ።

«ሁለቴ ጻፈኝ።»